የሀያ ትኩሳት

ኢንሳፍ መጀመሪያ የወደቀችው ምንጭ ዳር ነው። ገና ልጅ ነበረች። አብረዋት ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ልጆች ጀሪካናቸውን ጥለው ዳገቱን ሮጡ። እናቷ ዙሌይካ ስትደርስ ልጅቷ ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፍታለች፤ ግማሽ ፊቷ ውሃ ውስጥ ነው። ትንሽ ወደፊት ብትወድቅ ኖሮ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ትሞት ነበር።

ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሲጥለው የነካ፣ ወይም አረፋው የደረሰበት፣ በሽታው ይጋባበታል እየተባሉ ነው ያደጉት። እናቶቻቸውም እንዲሁ እየተባሉ ነው ያደጉት።

መንደሩ አምባሰል ውስጥ ነው፤ ከውጫሌ በእግር ሽቅብ። እዚያ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ዙሪያው ይለቀቃል። አንድ ደፋር ክብሪት ይጭርና እጁን ዘርግቶ ጭሱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ከዚያ ይጠበቃል። የወደቀው ሲነቃ ክብሪቱ አነቃው ይባላል። ሳይጫርለት የተተወ ሰው ስለሌለ፣ ያለ ክብሪትም ይነቃ እንደሆነ ያየ የለም።

ዙሌይካ ልጇን ሼሁ ዘንድ ወስዳ ቁርኣን አስቀራችላት። አልተዋትም። ክርስቲያን ጎረቤቷ "ለምን ጸበል አንሞክርላትም?" ብላ ራሷ ይዛቸው ሄደች፤ ሦስቱም እዚያው ሰነበቱ። አልተዋትም። ከዚያ ዙሌይካ የቀራትን አንድ ነገር አደረገች፤ ልጇን ከሰው ዓይን አራቀች። ትምህርት ቤት ቀረ። ሰርግ ቀረ። ገበያ ቀረ።

"ቤት ውስጥ ስትወድቂ የማይሽ እኔ ብቻ ነኝ" አለቻት። "እኔ ደግሞ አልናገርም።"

ዙሌይካም ብትሆን ሲጥላት አትነካትም ነበር።

ኢንሳፍ ዕድሜዋ ሲደርስ በደላላ ጅዳ ገባች። ቀጣሪዋ ፓስፖርቷን ወስዳ የቆለፈችባት፣ ቀኑን ሙሉ በእግሯ አቁማ የምታሠራት ሴት ነበረች። ኢንሳፍ ወጥ ቤት ውስጥ ስትወድቅ ግን ያቺው ሴት ሮጣ መጥታ በጎኗ አስተኛቻት። ከራሷ ሥር ልብስ አደረገችላት፣ አፏን በገዛ ሻርፗ ጠረገችላት፣ እስክትነቃ አጠገቧ ተቀመጠች። የራሷ ወንድም እንዲሁ ይጥለው ስለነበር ለምዳዋለች። ኢንሳፍ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጅ ነው። ደንግጣ "አትንኪኝ፣ ይይዝሻል" አለች። በአማርኛ ነበርና ሴትዮዋ አልገባትም።

ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። የአንጎል ሕመም እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ክኒን በየቀኑ ከተዋጠ ጸጥ እንደሚል የተነገራት እዚያ ነው። ዋጠች። ጸጥ አለ።

በኋላ ከዚያ ቤት ወጥታ ያለ መኖሪያ ፈቃድ በየቤቱ ስትሠራ ቆየች። በ2010 ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ ተጠርዛ መጣች። አገሩ ለውጥ መጣ እያለ ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ወጣቱ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ተሰብስቦ ንግግር ይሰማል፣ ያጨበጭባል። ኢንሳፍ ወደ መንደሯ አልወጣችም። ሐይቁ ዳር ሥራ አገኘች። ጀልባዎቹ ጠዋት የሚያወጡትን ቆሮሶ የተባለ አሳ ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ሆዱን ትከፍታለች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ለጠባሾቹ ታስረክባለች። እጇ ፈጣን ነበር። ከተማው ውስጥ የምትወድቅ ሰው እንደነበረች የሚያውቅ አልነበረም፤ ከጤና ጣቢያዋ ነርስ በስተቀር።

ኡበይድ ባጃጅ ነጂ ነው። መጀመሪያ የመጣው ተሳፋሪ ሊያደርስ ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ሄደ፤ ኡበይድ ቆመ።

"ይሄ አሳ እንዲህ የሚያፈጥብኝ ምን በድየው ነው?" አላት።

"ባጃጅ ነጂ መሆንህን አውቆ ነው" አለች ቀና ሳትል። "ዋጋ እንዳትቆልልበት ፈርቶ።"

በማግስቱ ያለ ተሳፋሪ መጣ። ከዚያም በኋላ።

ፊኖባርቢታል የተባለውን ትንሽ ነጭ ክኒን የምትሰጣት ሲስተር ጥሩወርቅ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች።

"ባል ልታገቢ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"እቺ እኮ ሐይቅ ናት። አሳው ራሱ ያወራል።"

ኢንሳፍ ሳቀች።

"ነግረሽዋል?"

ሳቋ ቆመ።

"ንገሪው፣ ኢንሳፍ። ካልሆነም ይዘሽው ነይ፣ እኔ ልንገርልሽ። ክኒን ከመዋጥሽ በስተቀር ምን ጎደለሽ?"

"እኔ እነግረዋለሁ ሲስተር" አለች። አልነገረችውም።

ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱም ወገን የሌላውን ዘር ያስጠይቃል። የኡበይድ እናት መስኡዳ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ሰው መርጣ ወደ አምባሰል ላከች። የተላከው ሰው ከቤት ቤት ዞሮ ጠየቀ። ከምንጩ የሮጡት ልጆች አሁን የልጆች እናት ሆነዋል፤ እነሱንም ጠየቀ።

"ሸጋ ልጅ ናት" አሉት። "ጨዋ ናት። ምንም እንከን የላትም።"

የሴት ልጅ ዕድል መስበር ነውር ነው። ሊነኳት የፈሩት ሰዎች ባል ሊያሳጧት አልፈለጉም። ዙሌይካ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለልጇም "አየሽ፣ አላህ ሸፈነልሽ። እሱ የሸፈነውን አንቺ አትግለጪ" አለቻት።

ኢንሳፍ አልገለጠችም። ተጋብተው መስኡዳ ቤት ገቡ። ክኒኑን በባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ አድርጋ ከልብሷ ሥር አስቀመጠች። መስኡዳ ስትውጥ ካየቻት "ራሴን ነው የሚያመኝ" ትላታለች። መስኡዳ ታዝንላታለች።

"ያ የዐረብ አገር ፀሐይ ነው ጭንቅላትሽን ያበላሸው" ትላለች። "ድሮም ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል?"

መስኡዳ ምራቷን ትወዳት ነበር። ለጎረቤት "የኔ ምራት ቢላዋ ስታነሳ አሳው ራሱ ይገላበጥላታል" እያለች ትኩራራባታለች። በ2013 የልጅ ልጇ ሀያ ስትወለድ አራስ ቤቱን ለማንም አላስነካችም። ገንፎውን እሷ ታገነፋለች፣ ልጅቷን እሷ ታጥባለች፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ "እጅህን ታጠብ" ትላለች።

በ2014 ጥቅምት ላይ ከጦርነቱ ቀድመው የመጡት ሰዎች ናቸው። ከራያ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀሉት በዋናው መንገድ በእግር፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ አለፉ። ከዚያ የመድፍ ድምፅ ተከተለ። በወሩ አጋማሽ ወጣት ወንዶች ከተማውን እየለቀቁ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ወረዱ፤ የተገኘ ወጣት ይገደላል ተብሎ ተወርቷል። ኡበይድ ባጃጁን ጓሮ አስገብቶ በገለባ ሸፈነው።

"አብሽሪ፣ ሳምንት ነው" አላት።

መስኡዳ፣ ኢንሳፍና ሀያ ቀሩ። ታጣቂዎቹ ገቡ።

መብራት የለም። ስልክ የለም። ወፍጮ ቆሟል፤ ያለው ሰው እህሉን ቆልቶ ይበላል። የጤና ጣቢያው በር ተሰብሯል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ ከተማውን ለቃለች። ኢንሳፍ ክኒኑን ለሁለት መስበር ጀመረች። ከዚያ ለአራት። በመጨረሻ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ብቻ ነበር። እሱንም በጣቷ ላሰችው።

የወደቀችው ረፋዱ ላይ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። የመስኡዳ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ተኩስ ሲበረታ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ይጠጋል። ኢንሳፍ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሀያን ታጠባ ነበር። ድንገት ጮኸች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም። ከዚያ ሰውነቷ ግትር አለ።

መስኡዳ ልጅቷን ከእቅፏ ነጠቀች። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ሸሸ። የኢንሳፍ ቀኝ እግር ፍሙ ውስጥ ገብቷል። ሁሉም ያያል።

"እግሯን! እግሯን ሳቡላት!" ብላ አንዷ ጮኸች። እሷም አልሳበችም።

"ክብሪት የያዘ የለም?" አለ አንድ ሽማግሌ።

ክብሪት ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል። መስኡዳ ልጅቷን ለአንዷ አቀበለችና የውሃውን ጀሪካን አነሳች። ውሃ ለመቅዳት መውጣት ነፍስን ማስያዝ በሆነበት ጊዜ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። ክንዷ በደረሰላት ልክ ራቅ ብላ ቆማ ሁሉንም ምድጃው ላይ ገለበጠችው። እሳቱ ጠፋ። የደፈረችው እስከዚያ ድረስ ነው። የኢንሳፍ እግር ቆዳው ተልጧል፤ ዛሬም ስትሄድ ታነክሳለች።

ስትነቃ ሰዉ ወጥቷል። መስኡዳ በሩ ላይ ቆማለች። ሀያን አዝላታለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች መስኡዳ።

"ከልጅነቴ።"

"ያ የራስ ምታት ክኒን?"

"እሱ ነው። እሱ ካለ አልወድቅም እማ። ወላሂ አልወድቅም። አብረን ኖረናል፣ አይተሽኛል።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ብነግርሽ ለልጅሽ ትቀበይኝ ነበር?"

መስኡዳ አሰበች። ውሸት አትወድም።

"አልቀበልሽም ነበር" አለች።

"ሀያን ስጪኝ። ጡቴ ሞልቷል።"

"ጡት የለም። እስከ ዛሬ የገባባት ይበቃታል።"

"ሁለት ዓመት ትጥባ አይደል የሚለው ቁርኣኑ?"

"እሱ ለጤነኛ ነው።"

ልጅቷ አንድ ዓመት ካለፋት ገና ትንሽ ጊዜዋ ነው። መስኡዳ ከሌላ ቤት ዱቄት እየለመነች በአጥሚት ያዘቻት። ሀያ ታለቅሳለች፤ መስኡዳ ጀርባዋ ላይ እያወዛወዘች ታለቅሳለች። ከግድግዳው ወዲህ ኢንሳፍ ጡቷን እያለበች መሬት ላይ ታፈሳለች። ከተማው የሚበላ አጥቶ በነበረበት ወር ነው ይህ። ሌላም ጊዜ ወደቀች። በየጊዜው በሩ ከውጭ ይዘጋባታል፤ ጸጥ ስትል ይከፈታል።

ታጣቂዎቹ በኅዳር መጨረሻ ወጡ። ኡበይድ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተመለሰ። ገለባው አለ፤ ባጃጁ የለም። እናቱ ሁሉንም ነገረችው። ወደ ኢንሳፍ የገባው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ደፉ ላይ ቆመ።

"ትንሽ ጊዜ ከእናትሽ ዘንድ ተቀመጪ" አላት። "እስክትድኚ።"

"የሚድን አይደለም ኡበይድ። የሚያዝ ነው። ክኒኑ ሲመጣ አልወድቅም።"

"ሲመጣ ትመጫለሽ።"

"ሀያስ?"

ጫማውን አየ። "እማ ይዛታለች" አለ።

ክኒኑ በጥር መጣ። ሲስተር ጥሩወርቅም ተመልሳለች። ኢንሳፍ መዋጥ ጀመረች፤ መውደቅ ቆመ። በየገበያው ቀን ከውጫሌ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ እየሄደች መስኡዳ በር ላይ ትቆማለች። መስኡዳ ሰድባት አታውቅም። በርጩማ ታወጣላታለች፣ ምግብ ታቀርብላታለች፤ ለብቻ በተለየ ሳህን። ልጅቷን ከሩቅ ታሳያታለች።

"ከጥር ወዲህ አልጣለኝም፣ እማ።"

"አልሐምዱሊላህ። እስኪ ረመዳን ይለፍ።"

ረመዳን አለፈ።

"እስኪ አረፋ ይለፍ።"

አረፋም አለፈ። ሀያ አፏን ፈታች። መስኡዳን "እማ" ትላታለች። ኢንሳፍ ስትመጣ ከመስኡዳ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች። በሐምሌ ኡበይድ ሌላ ሴት ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ለኢንሳፍ የነገረቻት መስኡዳ ራሷ ናት።

"ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው።"

"ያግባ" አለች ኢንሳፍ። "ልጄን ስጡኝና ያግባ።"

"ሀያን? ሬሳዬን ተራምደሽ።"

"ልጄ ናት እኮ እማ።"

"ልጅሽ ናት። እኔ ደግሞ በሽታሽ ካለበት ቤት አላስገባትም። ከፈለግሽ እርገሚኝ።"

ኢንሳፍ አልረገመቻትም። በሚቀጥለው ገበያም መጣች። በሚቀጥለውም።

ነሐሴ ውስጥ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን በሩ ላይ ስትደርስ መስኡዳ ሀያን ታቅፋ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የልጅቷ ፊት ቀልቷል።

"ከትናንት ጀምሮ ያተኩሳታል" አለች መስኡዳ። "ጉሮሮዋን ነው መሰል፣ አልውጥ ብላለች።"

"ጤና ጣቢያ ወሰድሻት?"

"ዝናቡ ያባራ ብዬ..."

ንግግሯን ሳትጨርስ የሀያ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ። እጅና እግሯ ደረቀ፤ ከዚያ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

መስኡዳ አልጣለቻትም። ጎንበስ ብላ እርጥቡ መሬት ላይ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። ግድግዳው እስኪያስቆማት ድረስ ሄደች። ሁለት እጆቿን እንደተበከሉ ሁሉ ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች።

"ያ አላህ!" ትላለች። "ያ አላህ! ክብሪት! ክብሪት አምጡልኝ!"

ኢንሳፍ በሩን አልፋ ገባች። ልጅቷን በጎኗ አዞረቻት። ለሀጯን በሻሿ ጠረገች፣ አንገቷ ላይ የጠበቀውን ቁልፍ ፈታች፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰው ሲጥለው ከውጭ ሆና ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሰዎቹ ከእሷ ለምን ይሸሹ እንደነበር ያን ቀን ገባት። የሚያስፈራ ነገር ነው።

ብዙም አልቆየ። ሀያ አለቀሰች። ኢንሳፍ አንስታ አቅፋት በዝናቡ ወጣች። ያስቆማት የለም።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ጥሩወርቅ የልጅቷን ልብስ አወለቀች፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ጉሮሮዋን በባትሪ አየች፣ መድኃኒት ሰጠቻት።

"ቶንሲል ነው" አለች። "ያንቀጠቀጣት ትኩሳቱ ነው። ብዙ ሕፃናት ላይ ይታያል፤ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ያንቺ በሽታ አይደለም።"

"ርግጠኛ ነሽ?"

"አንድ ጊዜ ነው፣ አጭር ነው፣ እሳት የመሰለ ትኩሳት አላት፣ አሁን ደግሞ በደንብ ነቅታለች። ይኸው፣ እጄን እየገፋች ነው። ስድብ ብታውቅ ትሰድበኝ ነበር።" ሲስተር ጥሩወርቅ ቀና አለች። "ማን አየ?"

"አያቷ።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይነገራት። ወይ አምጫት፣ ወይ እኔ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ይሄ ካልተነገረ ልጅቷ ላይ ስም ይለጠፋል፤ ሲለጠፍ ደግሞ አይላቀቅም።"

"እኔ እነግራታለሁ።"

"የባልሽም ጊዜ እንዲህ ብለሽኝ ነበር።"

"የአሁኑን እነግራታለሁ ሲስተር።"

ይህን ስትል እውነቷን ነበር። በመንገዱ ላይ እንዴት ብላ እንደምትጀምር እያሰበች ሄደች።

በሩ ላይ ስትደርስ ኡበይድ በሌላ ሰው ባጃጅ መጥቶ ቆሟል። መስኡዳ የሀያን ልብሶች በነጠላ ጠቅልላ ከደፉ ውጭ አስቀምጣቸዋለች። ዓይኗ አብጧል።

"እማ፣ ትኩሳት..." ብላ ጀመረች ኢንሳፍ።

"ቆይ። እኔ ልናገር።" መስኡዳ ከቆመችበት አልተጠጋችም። "በጡቱ ገብቷል። ዘግይቼ ነው የነጠቅኩሽ።"

ኢንሳፍ ሀያን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

"እጄ እምቢ አለኝ" አለች መስኡዳ። "አይተሽኛል። ያኔ አንቺን እሳት ሲበላሽ ቆሜ አየሁ። የሰው ልጅ ናት፣ አልወለድኳት፣ ለዚያ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ ግን ሀያ ናት። ያው ሆንኩ። የልጄን ልጅ ጭቃ ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ። ከእኔ ጋር ከኖረች አንድ ቀን ምድጃ ውስጥ ትወድቃለች፤ እኔም ቆሜ አያታለሁ። አንቺ ትነኪያታለሽ። ውሰጃት።"

መባል የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትኩሳት ነው፣ ያልፋል። መስኡዳ ነርሷን ታምናለች፤ ካላመነችም ሄዳ ትጠይቃታለች። ከዚያ ልጅቷን ልትቀበል እጇን ትዘረጋለች። ሀያ አሁንም "እማ" እያለች ወደ መስኡዳ ትጠመዘዛለች።

ኢንሳፍ ጎንበስ ብላ ጥቅሉን አነሳች።

ኡበይድ እስከ መናኸሪያው አደረሳቸው። ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድባል።

"ነርሷ ምን አለች?" አላት ሳይዞር።

"መድኃኒት አለው አለች።"

"እንዳንቺው ነው ማለት ነው?"

ነጠላዋን ሀያ ላይ ደረበች። ደግሞ አልጠየቃትም።

ሲስተር ጥሩወርቅ በማግስቱ ለመስኡዳ ነግራት እንደሆነ በስልክ ጠየቀቻት። ኢንሳፍ "ነገርኳት" አለች።

ኡበይድ ኢንሳፍን ፈትቶ አዲሷን አገባ። ኢንሳፍ አምባሰል እናቷ ቤት ገባች። እናቷ ጓሮ ሽንኩርት ታለማለች፣ ውጫሌ አውርዳ ትሸጣለች። ክኒኗን ትውጣለች። በኋላም አገሩ ሰላም አልሆነም፤ መንገዱ በውጊያ እየተዘጋ ይከፈታል። ስለዚህ ሲከፈት ክኒኗን ለማምጣት ቀድማ ትሄዳለች። ሀያ ለብዙ ሌሊት መስኡዳን እየጠራች ካለቀሰች በኋላ ተወችው፤ ኢንሳፍንም "እማ" ማለት ጀመረች። ከዚያች የነሐሴ ቀን ወዲህ አንቀጥቅጧት አያውቅም።

ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ መንደሩ ደርሶ ነበር። የእናቷ በሽታ ልጅቷንም ያዛት ተባለ። መጀመሪያ ልጆች አይቀርቧትም ነበር። ጊዜ ሲሄድ፣ ልጅቷ ስትሮጥ፣ ዛፍ ስትወጣ፣ ሳትወድቅ ስትውል እየታየ ወሬው በረደ። በተለይ የቅርብ ጎረቤታቸው ሱረያ "እኔ ሲጥላት አላየሁም" ብላ ሴት ልጇን ከሀያ ጋር ለቀቀቻት። ሁለቱ ልጆች ከአንድ ሳህን ይበሉ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢንሳፍ ለሱረያ ጓሮዋን አብራ ታርምላታለች።

በ2017፣ ከዒዱ በኋላ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ መስኡዳ መጣች። አርጅታለች። ዳገቱን ስትወጣ ብዙ ጊዜ አርፋለች። ኢንሳፍና ሱረያ ደጁ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ልጆቹ አጠገባቸው ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ።

መስኡዳ ከፌስታል ቀሚስና ጫማ አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሀያ መጥታ ወሰደችው። ማን እንደሆነች አላወቀቻትም።

"አመሰግናለሁ በያት" አለች ኢንሳፍ።

"አመሰግናለሁ።"

"ማሻአላህ" አለች መስኡዳ። ዓይኗን ከልጅቷ አልነቀለችም። "አጥንቷ የኡበይድ ነው።"

"የኡበይድ ባለቤት ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ልጅ እስካሁን አልሰጣትም።"

"አላህ ይስጣት።"

"አሚን። ቤቱ ጭር ብሏል።"

ምስሩ ሰፌዱ ላይ ይንኳኳል።

"ኢንሳፍ።"

"አቤት እማ።"

"ደግሟት ያውቃል?"

የሱረያ እጅ ቆመ። ኢንሳፍ ቀና ብላ መስኡዳን አየቻት። አሮጊቷ በተቀመጠችበት ወደ ፊት ዘንበል ብላለች። መዳፎቿ ጉልበቷ ላይ ተከፍተው ይጠብቃሉ።

"አልፎ አልፎ" አለች ኢንሳፍ።

መስኡዳ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።

"ክኒን ትውጣለች?"

"ትውጣለች።"

"አላህ ያፊያት። በርቺ።" ተነሳች። ልጅቷን ሌላ ጊዜ ሳታይ ቁልቁለቱን ያዘች።

ሱረያ ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረች።

"ለኔኮ አልነገርሽኝም" አለች ቀስ ብላ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ካንድ ሳህን ሲበሉ።"

ኢንሳፍ ምስሩን ታያለች።

"እውነት ነው ያልሽው?"

መስኡዳ ገና ቁልቁለቱ ላይ ናት፤ ንግግር ይሰማታል። ኢንሳፍ "እውነት ነው" አለች።

ሱረያ ልጇን ጠራች።

"ቆይ እማ፣ ወጡ አልበሰለም" አለች ልጅቷ። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ጭቃ እያማሰለች ነበር።

"ነይ ብያለሁ!"

ልጅቷ ክዳኑን ለሀያ አቀብላ ተነሳች። ሀያ ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ጭቃውን ማማሰል ቀጠለች። ኢንሳፍ ከምስሩ ውስጥ ጠጠሩን እየለየች ጣለች።